ያኔ ስለ ጊንጧ ያስተማርኳችሁ ስህተት ነበር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። "ቲቸር፣ ጊንጥ ቤት ውስጥ ማርባት ይቻላል?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩበት። ወዲያው ፎቶ ላከልኝ። ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ ሃይላንድ፣ ውስጡ ጥቂት አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ጊንጥ! የአክስቱ ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ሲመለስ አዋሽ ሰባት አካባቢ ጎማ ሊቀይር ወርዶ ድንጋይ ሲያነሳ አገኛትና "ለጉድ ትሁን" ብሎ ይዞለት መጣ።

ልጁ ግን ለጉድ አይደለም የፈለጋት። የጊንጥ መርዝ በሊትር ብዙ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አይቷል። "አንዱ ክፍል ባዶ ነው ቲቸር። መደርደሪያ አሰርቼ መቶ ጊንጥ ባረባ፣ መርዙን በቦሌ ወደ ውጭ ብልክ፣ በቃ ወጣሁ" አለኝ። ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነው። ስለዚህ አልቀለድኩበትም። ስሙን እንደማልጠራ ተስማምተን መልሱን እዚህ ልጽፍለት ቃል ገባሁ።

እዚህ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ይሄንን የመርዝ ወሬ እየላኩ የሚጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ሁለተኛ፣ በጊንጥ ጉዳይ የቆየ ዕዳ አለብኝ። ከሱ ልጀምር።

መምህር ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት መተሐራ አካባቢ ነበር። ያኔ ያስተማርኳችሁ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ አላችሁ፤ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ጠዋት አንዱ ተማሪ በማርማላታ ጠርሙስ ጊንጥ ይዞ መጣ። ጀርባዋ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ የነጡ ልጆቿ ተደራርበዋል። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። በስዕል ብቻ የማስተምረው ነገር በእጄ ገባ! ጠርሙሱን ይዤ ከክፍል ክፍል ዞርኩ። አምስት ክፍል፣ በየክፍሉ ስድሳ ሰባ ልጅ፣ ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ የሚያንቀረቅበው አለ፣ በእስክሪብቶ የሚያንኳኳው አለ። ከሰዓት በኋላ አምስተኛው ክፍል ስንደርስ እናትየው ልጆቿን አንድ በአንድ እየበላች ነበር።

እኔ ምን አልኩ? "አያችሁ? ጊንጥ ልጆቿን ትበላለች። የእናትነት ስሜት የሚባል የላትም" አልኩ። እናንተም ደብተራችሁ ላይ ጻፋችሁ። ፈተና ላይም አወጣሁት መሰለኝ።

ስህተት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው አንብቤ የተረዳሁት። ጊንጥ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን ነፍስ ያላቸው አድርጋ ነው የምትወልዳቸው። ልክ ሲወለዱ ጀርባዋ ላይ ይወጣሉ፤ የመጀመሪያውን ቆዳቸውን እስኪቀይሩ ድረስ፣ እንደ ዝርያው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ተሸክማቸው ትኖራለች። ከስምንት እግር እንስሳት መካከል እንዲህ ልጅ የሚሸከም ብዙ አይደለም። ልጆቿን የምትበላው አብዛኛውን ጊዜ ስትረበሽ፣ ስትጠማ፣ መደበቂያ ስታጣ ነው። የዚያን ቀን ልጆቿን ያስበላኋት እኔ ነኝ። አያያዜ ያመጣውን ጥፋት በተፈጥሮዋ ላይ አላከክሁ። ይቅርታ፣ ከስንት ዓመት በኋላም ቢሆን አርሙልኝ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ፣ የሒሳብ መምህር ባልሆንም።

ከአንድ ጊንጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው መርዝ ከጥቂት ሚሊግራም አይዘልም። በልግስና 5 ሚሊግራም እንበል። አንድ ሊትር ፈሳሽ በግርድፉ አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ኪሎ ደግሞ 1,000,000 ሚሊግራም። ስለዚህ አንድ ሊትር ለመሙላት 200,000 ጊዜ ማለብ ያስፈልጋል። መቶ ጊንጥ ኖሮህ እያንዳንዷን በየሁለት ሳምንቱ ብታልብ በዓመት 2,600 ጊዜ ነው። አካፍለው። 77 ዓመት ገደማ ይመጣል። ያውም አንዷም ሳትሞት፣ መብራት ጠፍቶ ፍሪጅህ ውስጥ ያለው አንድ ቀን ሳይበላሽ።

ታዲያ ያ ዋጋ ከየት መጣ? ላቦራቶሪዎች ከመርዙ ውስጥ አንዱን ንጥረ ነገር ለይተው፣ አጣርተው፣ መዝነው ለምርምር በሚሊግራምና ከዚያም ባነሰ መጠን ይሸጡታል። ከአንድ የጊንጥ ዝርያ መርዝ የተገኘ ክሎሮቶክሲን የሚባል ነገር ለምሳሌ የአንጎል ዕጢን ለይቶ ለማሳየት ተጠንቷል። ቪዲዮ ሠሪው የዚያን የጠብታ ዋጋ ወስዶ በሊትር አባዛው። ጠብታውን ውድ ያደረገው ግን ላቦራቶሪው ነው። ገዢው ማን እንዳለበው፣ የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ እንዴት እንደተቀመጠ የማያውቀውን የሃይላንድ መርዝ አይገዛም።

ግን እንዲህ ያለ ንግድ ለአገራችን አዲስ እንዳይመስላችሁ። የዱር እንስሳ ቤት ውስጥ አስቀምጦ፣ ከገላው የሚወጣውን ጠብታ እየወሰዱ ለውጭ ገበያ መሸጥን እኛ ለዘመናት ሠርተንበታል። ስሙ ዝባድ ነው።

ዝባድ የሚገኘው ከጥርኝ ነው። ጥርኝ ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ቀን የሚደበቅ፣ ብቻውን የሚኖር አውሬ ነው፤ በጠባዩ ከጊንጥ ብዙም አይርቅም። ከጅራቱ ሥር ባለ ከረጢት ውስጥ ቅባት ያመነጫል። ቅባቱ ሲከማች ይከረፋል፤ ሲበጠበጥና ሲሳሳ ግን ሽቶን ሽቶ የሚያደርግ፣ ጠረኑን በገላ ላይ የሚያቆይ ነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የግቤ አገሮች ከዝሆን ጥርስና ከወርቅ ጋር ዝባድ ወደ ሰሜን ይልኩ ነበር። በሊሙ እናርያ ሰቃ የሚባለው ገበያ ዋናው መገናኛ ነበር። ነጋዴው ከዚያ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ምጽዋ ይደርሳል። ዝባዱ የሚጓዘው በከብት ቀንድ ታሽጎ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዓለም የዝባድ ገበያ አብዛኛውን ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። የፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ዋና ደንበኛ ነበሩ።

አያያዙስ? ጅማን፣ ኢሉባቦርንና ወለጋን የሚያውቅ ሰው ይነግራችኋል። ጥርኙ የሚሄድበትን መንገድ ጠብቀው በወጥመድ ይይዙታል። ከእንጨት በተሠራ ረጅምና ጠባብ ሳጥን፣ ዞር ማለት እንኳ በማይችልበት፣ ያስገቡታል። ጎጆው እንዲሞቅ እሳት ይነድዳል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ገንፎ ይበላል። በየዘጠኝ አስር ቀኑ ጅራቱንና የኋላ እግሩን በሳጥኑ እንጨቶች መሃል ይዘው ከረጢቱን ይጫኑና በቀንድ ማንኪያ ጥቂት ግራም ያወጣሉ። እንግዳ ሰው እንዳያየውም ይከለላል፤ ዓይን ሲያርፍበት ዝባዱ ይቀንሳል ይባላል።

አሁን ልብ በሉ። ይሄ ሁሉ ዘመን ጥርኝ ቤታችን ኖሮ ለማዳ አልሆነም። ላምና በግ ለማዳ የሆኑት ቤታችን ስለወለዱ ነው። ጥርኝ ግን ሲሞት ሌላ ከጫካ ይያዛል፤ እሱም ሲሞት ሌላ። "ጥርኝ በቤት አይወልድም" ይላሉ ሰዎች። እንዴት ይውለድ? የሚያዘው ወንዱ ነው፤ የሴቷ ዝባድ ትንሽ ነው ተብሎ እሷ አትፈለግም። ሴት በሌለበት ቤት፣ መዞር በማይቻልበት ሳጥን ማን ይወልዳል? እኔ በጊንጧ ላይ እንደተናገርኩት ነው፤ ሳጥኑ የከለከለውን በእንስሳው ተፈጥሮ ላይ አላከክነው። ማቆየትን ማርባት ብለን ጠራነው።

መጨረሻውም የመጣው ከሩቅ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ሊዮፖልድ ሩዚችካ የሚባል ስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረ ኬሚስት የዝባድን ጠረን የሚሰጠው ሲቬቶን የ17 ካርቦን ቀለበት መሆኑን አወቀ። ሰውየው በ1939 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንዲህ ባሉ የካርቦን ቀለበቶች ላይ በሠራው ሥራ ጭምር ነው። አሠራሩ ከታወቀ በኋላ በፋብሪካ መሥራት የጊዜ ጉዳይ ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች የሳጥኑን ነገር ለዓለም አሳዩ፤ ሻኔልም ከ1998 ወዲህ ሰው ሠራሹን እንደሚጠቀም ተገለጸ። ገበሬያችን ስለ ካርቦን ቀለበት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ዋጋውን የሚወስነው ሌላ፣ የሚተካውም ሌላ ነበር። በእጁ የቀረው ሳጥኑና ጥርኙ ነው።

የጊንጥ መርዝም መንገዱ ይሄው ነው። ንጥረ ነገሩ አንዴ ከተለየ ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ክሎሮቶክሲንም ተሠርቷል። እንግዲህ ልጄ፣ 77 ዓመት ስታልብ ማን ይጠብቅሃል?

"እሺ ቲቸር፣ መርዙ ይቅር። ራሷን ጊንጧን አርብቼ ለፈረንጅ ብሸጥስ? እነሱ እንደ ድመት ያሳድጓታል አይደል?" አለኝ። እውነት ነው፣ ያሳድጓታል። በመስታወት ሳጥን፣ አፈርና ድንጋይ አድርገውላት፣ በረሮና ፌንጣ እየመገቡ። ማታ በአልትራቫዮሌት መብራት፣ ባንክ ቤት የብር ኖት በሚመረመርበት ዓይነት ማለት ነው፣ ሲያበሩባት መላ ገላዋ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ማየት ደስ ይላል፣ አልክድም።

ግን የዚህም ታሪክ አለው፤ ከእኛ ሳይሆን ከምዕራብ አፍሪካ። ጋና፣ ቶጎና ቤኒን አካባቢ የሚኖረው ትልቁ ጥቁር ጊንጥ፣ ንጉሠ ነገሥት ጊንጥ የሚሉት፣ በዓለም ላይ በብዛት በቤት የሚያዘው እሱ ነው። መልኩ ያስፈራል እንጂ መርዙ ቀላል ነው። በአስር ሺዎች እየተያዘ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ስለተጫነ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ገባ። ከዚያ በኋላ "እርባታ" የሚል ወረቀት የያዘ ብዙ ወጣ። እርባታው ምንድነው ብትሉ፣ ያረገዙ እናቶችን ከዱር ሰብስቦ ግቢ ውስጥ ማስወለድ ነው። ልጆቹ ይሸጣሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች እርጉዞች ከዱር ይለቀማሉ። ዝባድን አስታወሳችሁ?

ከልብ ማርባት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ትዕግሥት ይጠበቅበታል። የጊንጥ እርግዝና እንደ ዝርያው ከጥቂት ወር እስከ ከዓመት በላይ ይቆያል። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱ ቤት ይፈልጋል። ለትልልቆቹ ዝርያዎች አድጎ ለመውለድ መድረስ የዓመታት ጉዳይ ነው። እንዲህ ታግሠው የሚያሳድጉ አሉ። ፍራንቲሼክ ኮቫርዢክ የሚባል የቼክ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊላንድና ከጅቡቲ ብዙ አዳዲስ የጊንጥ ዝርያዎችን ለሳይንስ አስመዝግበዋል።

ይሄም አዲስ አይደለም። ከሰሚት ወጥታችሁ በሰንዳፋ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ወደ አንኮበር ብትሄዱ ልጥ ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው። ኦራትዮ አንቲኖሪ እዚያ ተቀምጦ እንስሳት ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ፒዬትሮ ፓቬዚ የተባለ ጣሊያናዊ የሸዋን መንግሥት ሸረሪቶችና ወገኖቻቸውን የዘረዘረ ጥናት ጄኖቫ ላይ አሳተመ። ጊንጥ በሰው ዘንድ ለመረገጥ ብቻ የተፈጠረች በነበረችበት አገር፣ ሌሎች ስምና ቁጥር እየሰጡ መዘገቡን። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ከእናንተ መካከል አንዱ የአዋሽን ጊንጦች ዝርያ በዝርያ ቢያጠና ከመቶ ሊትር መርዝ ይበልጥብኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልጁ "አንበሳስ በቤተ መንግሥት ይረባ አልነበር?" ብሎኛል። ይረባ ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሲቋቋም አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች ነበሩ የተባለው፤ ዘራቸው እስከ ዛሬ አለ። በ2012 የታተመ የዘር ምርመራ የእነዚህ አንበሶች ዘር ከተመረመሩት ሌሎች አንበሶች የተለየ መሆኑን አሳይቷል። ጋማቸው ጠቆር ብሎ እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው እነዚያ ናቸው። ታዲያ በ2006 መጨረሻ የወጣውን ዜና የምታስታውሱ አላችሁ? ቦታና ገንዘብ ስለሌለ ግልገሎች በመርዝ እንደሚገደሉና ገላቸው ለሚያደርቁ ሰዎች እንደሚሸጥ የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ስለዚህ ማርባትም ብቻውን በቂ አይደለም፤ የተወለደው የት ይሄዳል የሚለው መልስ አስቀድሞ መኖር አለበት። አራተኛ ፎቅ ላይ ሠላሳ የጊንጥ ልጅ ቢወለድልህ፣ አንዱ በበሩ ሥር ሾልኮ ጎረቤትህ ሕፃን ፍራሽ ውስጥ ቢገባስ?

እና መልሴ ይሄ ነው፣ ልጄ።

አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ አይቻልም። መርዙም ቢሆን የአገር ሀብት ነው፤ እንዲህ ያለውን የሚመለከት የራሱ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 482/1998። ቦሌ ላይ በሻንጣህ ቢገኝ ሚሊዮኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ይመጣብሃል።

ሁለተኛ፣ በእጅህ እንዳትነካት። የፎቶው ጊንጥ ጅራቷ ወፍራም፣ መቆንጠጫዋ ቀጭን ነው። ብዙውን ጊዜ መቆንጠጫዋ የቀጠነና ጅራቷ የደነደነ ጊንጥ ናት የምትከፋው፤ በጉልበት ስለማትይዝ በመርዝ ትይዛለች። ድንገት ብትነድፍህ ቀለበትህን አውልቅ፣ በውሃና ሳሙና ታጠብ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርግበት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። በምላጭ መብጣትና መምጠጥ የሚባል ነገር የለም። ሕፃን ከተነደፈ አንድ ደቂቃ አታባክን።

ሦስተኛ፣ ወደመጣችበት መልሳት። ሰሚት ሜዳ ላይ እንዳትለቃት፤ ብርዱም ይገድላታል፣ ሰውም ይጎዳል።

ይሄን ስጽፍለት ሌላ ፎቶ ላከልኝ። "ቲቸር፣ ሦስት ቀን በረሮ ሰጥቻት አልበላ አለች። ሆዷ ግን ተነፍቷል። ታማ ይሆን?" አለኝ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ጎንና ጎኗ ያለው ቆዳ ተወጥሮ የሆዷ ሳንቃዎች ተለያይተዋል። ጠግባም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ያረገዘች ነው የመሰለችኝ።

ስልክ ደወልኩለት። የአክስትህ ልጅ መቼ ነው የሚወርደው አልኩት። ቅዳሜ ሌሊት አለኝ። በካርቶን ውስጥ አሸዋና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግላት፣ ክደንላት፣ ጨለማ ይሁንላት፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ አዋሽ ትድረስ፣ ካነሳት ድንጋይ አጠገብ ካርቶኑን ጋደም አድርጎ ራሱ ፈቀቅ ይበል አልኩት። እሺ አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ቲቸር፣ ከመሄዷ በፊት ልጆቹ እንዲያዩዋት ወደ ሰፈር ላውርዳት? ቪዲዮም እሠራለሁ" አለ።

አይሆንም አልኩት። ለማንም አታሳያት። እኔ አንድ ጊዜ ለሦስት መቶ ልጅ አሳይቻለሁ።

ሥራ የምታውቁለት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጁ እጁ ንጹህ ነው፣ ትዕግሥትም አለው፤ ጊንጥ ለሦስት ቀን በማንኪያ የመገበ ሰው ነው።

ሰላም ሁኑልኝ።